ያቺ መስመር የማን ናት?

ግቡ፣ ግቡ። ጫማችሁን እዚያው በሩ ሥር አውልቁት፤ በረዶው ምንጣፌ ላይ እንዳይቀልጥብኝ። እስቲ ወደ ማሞቂያው ጠጋ ብላችሁ ተቀመጡ፤ አንድ ነገር ላጫውታችሁ። ስለ አንዲት ልጅ ነው። ረጅም አይደለም፤ የስድስት ቀን ነገር ነው። ግን ስድስት ቀንም አንዳንዴ ዕድሜ ያህል ይረዝማል።

ልጅቷ አይላ ኒሜላ ትባላለች። ያኔ ሃያ አራት ዓመቷ ነበር። ዱሉዝ በምትባል የሐይቅ ዳር ብርዳም ከተማ ውስጥ፣ ከኮረብታው ጫፍ ባለው የአረጋውያን ቤት ስድስት ዓመት ሙሉ ሰው ስታነሳና ስታስተኛ ኖረች። አንድ ቀን አንድ ግዙፍ ሽማግሌ መታጠቢያ ቤት ውስጥ አዳልጧቸው ሲወድቁ ተሸከመቻቸው። እሳቸው ምንም አልሆኑም። የሷ ወገብ ግን ከዚያ ወዲህ አልተመለሰም። ሐኪሙ ፎቶውን አይቶ፣ «ከዛሬ ጀምሮ ከአንድ ጋሎን ወተት በላይ የሚከብድ ነገር እንዳታነሺ» አላት። እንግዲህ አስቡት፤ ሰውን ከማንሳት በቀር ሌላ ሙያ ለሌላት ልጅ ይሄ ምን ማለት እንደሆነ።

ሐይቁ ዳር፣ ድሮ የእህል መጋዘን በነበረ የጡብ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ አንድ ትምህርት ቤት ነበር። በአሥራ ሁለት ሳምንት ኮድ መጻፍ ያስተምራል። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ገብተህ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ስትወጣ ስምህን ራሱ ትረሳለህ። ስድስተኛው ሳምንት ላይ ማጣሪያ አለ፤ ያላለፈ ይወጣል። አንድ ጊዜ ብቻ እንደገና መጀመር ይፈቀዳል። አይላ ባለፈው መኸር ስድስተኛው ሳምንት ላይ ወድቃ ወጥታለች። በጥር እንደገና ጀመረች። ይሄ ሁለተኛዋ ነው፤ ሦስተኛ የሚባል ነገር የለም። ይሄም ካመለጣት የሚቀራት ያ ወገብ ብቻ ነው።

አሁን አሠራራቸውን ልንገራችሁ፤ ነገሩ ሁሉ እዚያ ላይ ነው። ሁለት ሁለት እየሆኑ በአንድ ላፕቶፕ ይሠራሉ። የሚጽፈውን ሹፌር ይሉታል። ሌላው አጠገቡ ተቀምጦ፣ «እዚህ ጋ ታጠፍ፣ እሱን አለፍከው» ይላል፤ እሱ መንገድ መሪ ነው። በየግማሽ ሰዓቱ ቦታ ይለዋወጣሉ። ሦስተኛም ስም አለ፤ ግን ያንን ስም ማንም ለራሱ አይፈልገውም። ዝም ብሎ ተቀምጦ፣ የጓደኛውን ሥራ እያየ፣ መጨረሻ ላይ አብሮ የሚጨበጨብለት ተሳፋሪ ይባላል። እዚያ ክፍል ውስጥ «ሰነፍ» ብትሉት የሚስቅ ሰው፣ «ተሳፋሪ» ስትሉት ፊቱ ይለዋወጣል።

የአይላ ላፕቶፕ በሰው እጅ ያለፈ አሮጌ ነው፤ ሁለት ፊደል ተነቅሎበታል፣ ማራገቢያው እንደ በረዶ ጠራጊ መኪና ይጮሃል። ጥንዷ ዌንደል ብሩኖ የሚባል የቺካጎ ልጅ ነበር፤ ድሮ የስፖርት ቤት አባልነት ሲሸጥ የኖረ፣ ወሬው ሞቅ ያለ፣ ሳቁ ከሩቅ የሚሰማ። ክፉ ልጅ አልነበረም፤ ይሄን አደራ። የሱ ላፕቶፕ አዲስ ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ የሚሠሩት በሱ ነበር።

ታዲያ ሥራው በተቀመጠ ቁጥር ማሽኑ በየመስመሩ ላይ ስም ያትምበታል። የማንን ስም? የላፕቶፑን ባለቤት። በመጀመሪያው ሰኞ አስተማሪያቸው ፖሌት ለሁሉም ተናግራ ነበር። «ቦታ ስትለዋወጡ ስሙንም ለውጡት። አንድ አጭር ትእዛዝ ናት፤ አትርሷት።»

አይላ ሰምታለች። አልረሳችውም። በመጀመሪያው ቀን ተራዋ ደርሶ ላፕቶፑን ወደ ራሷ ስትስበው ልትል አፏን ከፍታ ነበር። ግን በሰው ላፕቶፕ ላይ «ቆይ ስሜን ላስገባ» ማለት ምን የሚሉት ነገር ነው? እሷ ያደገችበት አገር ልጆች እንደዚህ አያደርጉም። ፖሌት በየዓርቡ አንድ ትሪ የቸኮሌት ኬክ ይዛ ትመጣ ነበር። የመጨረሻዋ ቁራሽ ስትቀር የዚያ አገር ሰው አያነሳትም። አንዱ ግማሿን ይቆርጣል፤ ሌላው የግማሿን ግማሽ፤ ቀጥሎ የመጣው የሩቡን ሩብ፤ ማታ ላይ ትሪው ላይ ጥፍር የምታህል ፍርፋሪ ትቀራለች፤ እሷንም የሚነካት የለም። ዌንደል ነው መጥቶ ጎረስ አድርጎ፣ «ምን ሆናችሁ እናንተ፣ መርዝ አለበት እንዴ?» የሚለው። አይላ ታዲያ የስሙን ነገር እንደዚያች ፍርፋሪ ተወችው። ሁለታችን እናውቀው የለ፣ አለች በልቧ። አምስት ሳምንት እንዲሁ አለፈ።

የሚሠሩት ፕሮግራም ለአንድ ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ነበር። እዚያ ኦሪን የሚባሉ ጡረተኛ፣ መኪና የሌላቸውን አረጋውያን ሐኪም ቤት የሚያደርሱ በጎ ፈቃደኞችን ያስተባብራሉ። ማንን፣ በየትኛው ቀን፣ በስንት ሰዓት፤ ይሄን ሁሉ ድሮ በካርድ ይጽፉት ነበር። አሁን ለሙከራ በነአይላ ፕሮግራም መመዝገብ ጀምረዋል።

ረቡዕ ጠዋት ፖሌት አይላን ቢሮዋ ጠራቻት።

«በሩን ዝጊው፤ ተቀመጪ። ወገብሽ እንዴት ነው?»

«ደህና ነው» አለች አይላ። ደህና አልነበረም።

ፖሌት ሃምሳዎቹን ያጋመሰች፣ በወጣትነቷ ስልክ እንጨት ላይ እየወጣች ሽቦ ስትጠግን የኖረች ሴት ናት። ነገር ማለስለስ አትወድም። ስክሪኑን ወደ አይላ አዞረችው።

«አራት ሺህ ሁለት መቶ መስመር ጽፋችኋል። ባንቺ ስም ያለው ሃምሳ ሦስት ነው።»

«ሃምሳ ሦስት?»

«እሱም ግማሹ ባዶ መስመር ነው። ምን ስትሠሪ ነው የከረምሽው?»

ልጆቼ፣ ይሄኔ መናገር ነበረባት። አምስት ሳምንት ጣቷ እስኪደነዝዝ ጽፋለች። ከአፏ የወጣው ግን ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ?

«ዌንደል በጣም ጎበዝ ነው» አለች።

«ስለ ዌንደል መች ጠየቅኩሽ? ስላንቺ ነው።»

«እኛ... አብረን ነው የሠራነው።»

«ተሳፋሪ ሁሉ እንደዚያ ነው የሚለው።» ፖሌት ይሄን ስትል ድምጿ አልጠነከረም፤ ያ ነው የባሰው። «አይላ፣ እኔ አንቺን ማስወጣት አልፈልግም። ግን ወረቀቱ ላይ የለሽም። ዓርብ ስድስት ሰዓት ላይ ውሳኔ አለ። እስከዚያ ካንቺ ወይም ከሱ የሚጨበጥ ነገር ካልሰማሁ ያበቃል። ገባሽ?»

«ገባኝ። አመሰግናለሁ» አለች። አመሰግናለሁ! ከዚያ ወጥታ በጀርባዋ ኮሪደሩ ወለል ላይ ተጋደመች። ወገቧ ሲይዛት የምትጋደምበት ቦታ ስለሆነ የሚያልፉት ተማሪዎች እግራቸውን አንስተው ተሻገሯት፤ ማንም ምን ሆነሽ አላለም። ጣሪያውን እያየች፣ ከሰኞ በኋላ የት እንደምትሄድ ለማሰብ ሞከረች። አሰበች፣ አሰበች። ምንም አልመጣላትም። ጭንቀት እንኳ አልነበረም፤ ነጭ ባዶ ነገር፣ በየካቲት በረዶ እንደሸፈነው ሐይቅ።

ማታ ሲወጡ ዌንደልን መኪና ማቆሚያው ላይ አገኘችው። ሰው ሁሉ ሞተሩ በብርድ እንዳይደርቅ የሚሰካውን የማሞቂያ ገመድ እየነቀለ ይሄዳል፤ እሱ ግን ገመድ የሌላት መኪናውን ለማስነሳት ይታገላል።

«ዌንደል፣ አንድ ነገር ላስቸግርህ ነበር። ካልተመቸህ ግን ተወው፣ ግድ የለም።»

«ኧረ በይ ቶሎ፣ ጆሮዬ ሊረግፍ ነው!»

«ለፖሌት... እኔም እንደጻፍኩ ብትነግራት። በስሜ ስላልሆነ... ማለቴ፣ ካልሆነም...»

«ይሄ ነው? ይሄን ለመናገር ነው እንደዚህ የተንተባተብሽው?» ትከሻዋን መታ መታ አደረጋት። «እነግራታለሁ እንጂ! ጠዋት፣ መጀመሪያ ሥራዬ እሱ ነው። አትጨነቂ።»

አይላ ያን ቀን ወደ ቤቷ ስትሄድ ትንሽ ነፍስ ዘራች። የዱር ሩዝ ሾርባ አሞቀች፤ ግማሹን በላችው።

ሐሙስ ጠዋት ዌንደል ቃሉን ጠበቀ። የፖሌት ቢሮ በር ክፍት ነበር፤ አይላ ወንበሯ ላይ ሆና ሁሉንም ትሰማለች።

«አይላ? አይላ እኮ በጣም ነው የምትረዳኝ» አለ በዚያ ትልቅ ድምፁ። «ስሳሳት ትነግረኛለች፣ ታግዘኛለች። ያለ እሷ ይከብደኝ ነበር፤ የምሬን ነው።»

«ትረዳኛለች ነው ያልከው?» አለች ፖሌት።

«አዎ፣ በጣም!»

ሲወጣ ለአይላ አውራ ጣቱን ቀስሮ ፈገግ አለላት። መልካም ሥራ የሠራ መስሎት ነው። እሷም መልሳ ፈገግ አለችለት፤ ልማድ ነዋ። ትረዳኛለች። አምስት ሳምንት በአንድ ቃል አለቀ። ሊጎዳት ቢፈልግ ይሄን ያህል አይሳካለትም ነበር።

ያን ቀን ሙሉ ከእሱ ጎን ተቀምጣ ጻፈች። ተራዋ ሲደርስ እጇ ወደዚያች አጭር ትእዛዝ ሄደ፤ ስሟን ልታስገባ። አሁን? ለውሳኔው አንድ ቀን ሲቀረው? ሌባ መሰለች ለራሷ። እጇን መለሰችው።

ዓርብ አራት ሰዓት ሲሆን ስልክ ተደወለ።

ፖሌት ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንዳደረገች ከቢሮዋ ወጥታ መሀል ክፍሉ ቆመች። «ሁሉም? ሁሉም ጠፋ? ... ኦሪን፣ ቀስ ብለው ይንገሩኝ። ... ካርዶቹስ? ... ስልክ ቁጥራቸው ብቻ ነው ያለው? ቀኑና ሰዓቱስ? ... እሺ። እሺ። እንደውላለን።»

ስልኩን ዘጋች።

«የአረጋውያኑ ዝርዝር ባዶ ሆኗል» አለች። «ሠላሳ ስምንት ሰው። አንድ በጎ ፈቃደኛ አንድ ጉዞ ሊሰርዝ ገብቶ ስም ሳይጽፍ ቁልፉን ተጫነ። ማሽኑ ሁሉንም ሰረዘ። ከሰኞ ጀምሮ ማን የት መወሰድ እንዳለበት የሚያውቅ የለም። እጥበት ያላቸው አሉ፤ የኩላሊት። ቀጠሮው ማሽኑ ላይ ብቻ ነው የነበረው፤ ትርፍ ቅጂ ደግሞ አላስቀመጣችሁም።»

ስህተት ሲገኝ ፖሌት ግድግዳው ላይ ባለው ትልቅ ስክሪን ለሁሉም ታሳያለች፤ ደንቧ ነው። ኮዱን ከፈተችና አንዲት ትእዛዝ ጻፈች። ትእዛዟን «ብሌም» ይሏታል፤ ወቀሳ እንደ ማለት ነው። በየመስመሩ ግራ በኩል የጸሐፊውን ስም ትደረድራለች። ስሙም ከላይ እስከ ታች ወረደ፤ ዌንደል ብሩኖ፣ ዌንደል ብሩኖ፣ ዌንደል ብሩኖ።

«ይኸው» አለች ፖሌት ጣቷን ቀስራ። «እዚህ ጋ ‘ስሙ ባዶ ከሆነ አትሰርዝ’ የምትል ጠባቂ መስመር ነበረች። ማክሰኞ ዕለት አንድ ሰው አንስቷታል። ጠባቂዋ ስትነሳ ማሽኑ ባዶ ስም ሲሰጠው ‘ሁሉም’ ማለት መሰለው። ሳይሞከር ደግሞ ለኦሪን ተልኳል። ዌንደል?»

«ኧረ ዌንደል!» አለ አንዱ ከኋላ። «የከተማውን አያቶች በሙሉ በረዶ ላይ አስቀረሃቸው እኮ!»

ዌንደል ፊቱ ነጭ ሆነ። ሳይሞከር መላክ በዚያ ቤት የሳምንቱን ፈተና ያስወድቃል፤ እሱ ደግሞ በሦስተኛው ሳምንት አንድ ጊዜ ወድቋል። ሁለት ጊዜ የወደቀ ይወጣል።

«እኔ አይደለሁም!» አለ። «ማክሰኞ... ማክሰኞ እኔ ስልክ ላይ ነበርኩ፤ ኮሪደሩ ላይ። አይላ ናት የጻፈችው! ያቺ መስመር የአይላ ናት!»

ሰው ሁሉ ዞሮ አይላን አየ።

«ትናንት ‘ትረዳኛለች’ ነበር ያልከኝ» አለች ፖሌት ረጋ ብላ።

«እ... ትረዳኛለች። ግን ያቺን የጻፈችው እሷ ናት!»

«ሌላውንስ?»

«ሌላው... ሌላው ያው አብረን ነው።»

«አይ ጌታው!» አለች አንዷ ልጅ ከመስኮቱ በኩል። «ያማረው ያንተ፣ የተሰበረው የሷ! እንዲህ ያለ ጥንድ ለኔም ይስጠኝ!»

ሳቁ። ዌንደል አንገቱን ደፋ።

አይላ አልሳቀችም። ስክሪኑን ታያለች። ልጆቼ፣ በዚያች ደቂቃ በልቧ የመጣውን አልደብቃችሁም። ዝም ማለት ትችላለች። ስሟ እዚያ የለም። ማሽኑ ዌንደል ብሏል፤ ማሽን ደግሞ አይዋሽም ይባላል። ዝም ካለች እሷ እንደሆነ ስድስት ሰዓት ላይ መውጣቷ አይቀርም፤ እሱም ይከተላታል። ትረዳኛለች ያለው ሰው። ይሄ ሐሳብ ጣፈጣት፤ እውነቴን ነው፣ ምላሷ ላይ የቀመሰችው ያህል። ካመነች ደግሞ ምን ታተርፋለች? በስሟ ሃምሳ ሦስት መስመርና አንድ ጥፋት። በሩ በሁለቱም በኩል ተዘግቷል።

«አይላ» አለች ፖሌት። «ያቺ መስመር ያንቺ ናት?»

ስለ ሠላሳ ስምንቱ አሰበች። ኮታቸውን ለብሰው፣ ቦርሳቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ በመስኮት መኪና የሚጠብቁ። እንዴት አድርገው እንደሚጠብቁ ታውቃለች፤ ስድስት ዓመት አይታቸዋለች። አንድ ሰዓት ቀድመው ነው የሚለብሱት።

«የኔ ናት» አለች።

«አልሰማሁም።»

«የኔ ናት!» ድምጿ ተሰበረ። «እኔ ነኝ ያነሳኋት።»

«ለምን?»

«ስሟን ለማንም አልሰጥም ያለች አንዲት ሴትዮ አለች። ኦሪን በስልክ ቁጥሯ ብቻ ነው የመዘገቧት። ማክሰኞ ጉዞዋን ልትሰርዝ ብትደውል ማሽኑ እምቢ አለ፤ ስም ከሌለ አልሰርዝም አለ። ጠባቂዋን አነሳሁና ከሥሯ ‘ስም ከሌለ በስልክ ቁጥሩ ፈልግ’ የሚል ልጨምር ነበር። ከዚያ ወገቤ ያዘኝ። ወጥቼ ተጋደምኩ። ስመለስ ተራው የዌንደል ሆኖ ነበር፤ እሱ ሌላ ገጽ ላይ ነው። ግማሹን እንደተውኩት ረሳሁት። እሱ ሁሉም ያለቀ መስሎት ላከው።»

ፖሌት ገጹን ትንሽ ወደ ላይ አንቀሳቀሰችው።

«ይሄኛውስ? ሰዓት የሚያሰላው?»

አይላ አየችው። «የኔ ነው።»

«ለምን በሃያ ደቂቃ ቀድሞ ይጠራል?»

«አረጋውያን ደረጃ ለመውረድ ጊዜ ይወስድባቸዋል። ሹፌሩ በር ላይ ሆኖ ጥሩምባ እንዳይነፋባቸው ብዬ ነው።»

«ይሄኛው?»

«የዌንደል። ጥሩ ነው እሱ፤ እኔ አላስበውም ነበር።»

«ይሄ?»

«የኔ። ይሄ ደግሞ ግማሹ የሱ ነው፤ ከዚህ በታች ያለው። ይሄ የኔ። የኔ። ይሄ የሱ።»

እንዲህ እያለ ቀጠለ። ፖሌት በእያንዳንዱ ላይ ለምን ትላለች፤ አይላ ትመልሳለች። መጀመሪያ ላይ «የኔ» የሚለው ቃል እንደ አጥንት እየተሰነቀረባት ነበር የሚወጣው። በኋላ ወገቧን በእጇ ደግፋ ቆማ፣ ሳትቆጥረው ትለው ጀመር። የሚስቅ ቀረ። አንድ ቦታ ላይ ዌንደል ራሱ፣ «እሱም የሷ ነው፤ እኔ እስካሁንም አልገባኝም» አለ። ስድስት ሰዓት አልፏል፤ ምሳ የወጣ የለም።

ፖሌት ስክሪኑን አጠፋችው።

«ከግማሽ በላይ ያንቺ ነው» አለች። «ስምሽን ለምን አላስገባሽም? በመጀመሪያው ሰኞ ነግሬያችሁ ነበር።»

«ራሴን ማሳየት መሰለኝ።»

ፖሌት ወደ መስኮቱ ዞረች። «እኔም የዚሁ አገር ልጅ ነኝ። እናቴ ብትሰማሽ ትወድሽ ነበር። እኔ ግን አልወደድኩልሽም። ስም የሚጻፈው ለመታየት አይደለም፤ ነገሩ ሲበላሽ ማንን እንጥራ ለማለት ነው። አምስት ሳምንት ማንም ሊጠራሽ አይችልም ነበር። እዩት እንግዲህ።»

አይላ አንገቷን ደፋች።

«ግማሽ ሥራ ትተሽ ሄደሻል፤ የሳምንቱን ፈተና ወድቀሻል። ዌንደል፣ አንተም ሳትሞክር ልከሃል። ያንተን ሰኞ እናየዋለን፤ ዛሬ ፊትህን ማየት አልፈልግም። አይላ፣ አንድ ጊዜ የወደቀ አይወጣም። የሚወጣው ተሳፋሪ ነው፤ አንቺ ደግሞ ተሳፋሪ አይደለሽም። ሰኞ ሁለት ሰዓት ቦታሽ ላይ እንዳገኝሽ። ግን ያ ዝርዝር ሞልቶ ነው። ካልሞላ አትምጪ።»

ዳነች ብላችሁ ደስ እንዳይላችሁ፤ ገና ነው። ከኦሪን የመጣውን የካርድ ሳጥን ጠረጴዛዋ ላይ አደረገች። ሠላሳ ስምንት ካርድ፣ በአብዛኞቹ ላይ ስልክ ቁጥር ብቻ። የመጀመሪያውን ደወለች።

«አቤት፣ ማን ልበል?»

«አይላ ኒሜላ እባላለሁ። የሐኪም ቤት ጉዞዎን የሚመዘግበውን ፕሮግራም የጻፍኩት እኔ ነኝ። ቀጠሮዎን አጥፍቼዋለሁ፤ ጥፋቱ የኔ ነው። መቼ እንደነበር ይነግሩኛል?»

«ምን አጠፋሽ?»

«ቀጠሮዎን።»

«ቀጠሮ ደግሞ እንዴት ይጠፋል? የት አስቀምጠሽው ነበር?»

አንዱ ተቆጣ። አንዷ ስለ ድመቷ ሃያ ደቂቃ አወራች። አንድ ሽማግሌ፣ «ኒሜላ? የማን ልጅ ነሽ? ኢሊ የምትባለዋ ከተማ ኒሜላዎች ናችሁ?» ብለው የዘር ሐረጓን ቆጠሩላት፤ ቀጠሮውን ግን እሳቸውም ረስተውታል፤ ሐኪም ቤቱ ተደውሎ ተጠየቀ። ዌንደል ወደ አመሻሹ ጃኬቱን እንደለበሰ ተመልሶ መጣና በሩ ላይ ቆመ። እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተ።

«ሳንድዊች ላምጣልሽ?»

«ሰናፍጭ እንዳይኖረው» አለች ሳታየው፤ ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንዳደረገች።

ቅዳሜ ጠዋት ተመለሰች፤ እሑድም መጣች። አንድ ሰዓት ትቀመጣለች፣ ሩብ ሰዓት ወለል ላይ ትጋደማለች፤ ተጋድማም ትደውላለች። እሑድ ቀትር ላይ ሠላሳ ሰባቱ ሞሉ።

አንዱ አያነሳም። ካርዱ ላይ በኦሪን የተንቀጠቀጠ ጽሕፈት፣ «እጥበት፣ ብቻውን ነው የሚኖረው» የሚል አለበት። ቀኑ የለም፤ የሐኪም ቤቱ ስም የለም። አሥር ጊዜ ደወለች፤ ሃያ ጊዜ ደወለች። ይጠራል፣ ይጠራል፣ ይዘጋል። ኦሪንም ቤቱን አያውቁትም፤ ሁልጊዜ አንድ ሱቅ በር ላይ ነበር የሚቆያቸው። ፖሌት ደውላ፣ «አንዱ ቀረ ማለት ነው?» ስትላት፣ «ሠላሳ ሰባቱ ሞልተዋል» ማለት ትችል ነበር። «አንዱ የለኝም፤ እኔ ነኝ የጠፋብኝ» አለቻት። ከዚያ ኮቷን ለበሰች፤ በዚያ ብርድ፣ በዚያ ወገብ፣ ኮረብታውን ሽቅብ ወጥታ ሱቁ በር ላይ ቆመች። ለሚገባው ለሚወጣው ሁሉ ካርዱን እያሳየች ትጠይቃለች፤ በመሀሉ ደግሞ ትደውላለች።

ወደ አሥር ሰዓት ግድም ስልኩ ተነሳ። መጀመሪያ ሳል ብቻ ነበር።

«ማነው እንደዚህ የሚጨቀጭቀኝ?»

አይላ ሱቁ ግድግዳ ላይ ተደገፈች።

«ማነው ነው የምለው?»

«አይላ ነኝ» አለች። «አይላ ኒሜላ። የርስዎን ቀጠሮ ያጠፋሁት።»

«ነገ ነው ቀጠሮዬ» አለ ሰውየው። «ነገ ጠዋት። እና አሁን ማን ሊወስደኝ ነው?»

ሰኞ ሁለት ሰዓት ላይ ወንበሯ ላይ ነበረች፤ ሰውየውም አንድ በጎ ፈቃደኛ አድርሶት እጥበቱ ላይ። በአዲሱ ሥራ የመጀመሪያው መስመር ላይ የማንን ስም እንደጻፈች አልጠየቅኳትም።

ይኸው ነው እንግዲህ፤ ሻይ ልጨምርላችሁ። አንድ ነገር ብቻ ልለምናችሁ። ስትሄዱ ያቺን ልጅ ሱቁ በር ላይ እንደቆመች፣ ስልኩን ይዛ፣ ስሟን ስትናገር አስታውሱልኝ። አይላ ኒሜላ ነው ስሟ። እባካችሁ እንዳትረሱት።